ሰው በሞላበት ቤት ብቸኛ የሆነን ሰው እንዴት እንጽፋለን? ለልብ ወለድ ጀማሪዎች የአሠራር መመሪያ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ ረቂቅ የሚሰጡኝ ወጣቶች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ስለ ብቸኝነት ልብ ወለድ ጀምሬ 20 ገጽ ላይ ቆመብኝ፤ ምን ላድርግ?» አንዱ ይደውላል፣ ሌላው መንገድ ላይ ያስቆመኛል። በየጊዜው በቃል የምመልሰውን ነው እዚህ በተራ ያስቀመጥኩት።

የሚቆምበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ገጸ ባሕርይዋ ክፍሏን ዘግታ ብቻዋን ታስባለች። 20 ገጽ ማሰብ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆን ነገር ያልቃል። እኔም በዚሁ ተይዤ ነበር። ባሏ ስለሞተባት ሴት የጻፍኩትን ምዕራፍ ጎረቤቴ ለሆኑ እናት ቡና ላይ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙና «ይቺ ሴት ጎረቤት የላትም? ቅሬዋስ የት ሄደ? ባሏን ማን ቀበረላት?» አሉኝ፤ ቅሬ ያሉት ዕድሩን ነው። መልስ አልነበረኝም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የመጣው ያንን ጥያቄ ለመመለስ ከሞከርኩበት ሥራ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሁለት ደብተር። አንዱ ለረቂቁ፣ ሁለተኛው ሰዎች ሲናገሩ ለምትሰሙት ብቻ። አታቀላቅሏቸው፤ የሰማችሁት ከጻፋችሁት ጋር ከተደባለቀ ከወር በኋላ የትኛው የሰው አፍ፣ የትኛው የራሳችሁ እንደሆነ አትለዩትም።
- የአማርኛ ቀን መቁጠሪያ፤ አጽዋማቱና በዓላቱ ያሉበት። የሙስሊሙን በዓላትም በእስክሪብቶ ጨምሩበት። በወሎ አንድ ግቢ ውስጥ የሁለቱም ቀን ይከበራልና አንዱን ብቻ ይዛችሁ ቤት መሥራት አትችሉም።
- ትልቅ ወረቀት፣ የታሪኩን ሰፈር በእጃችሁ የምትስሉበት።
- ስልክ ወይም ኮምፒውተር በዩኒኮድ ፊደል የሚጽፍ። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ፋይል ሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል።
- አንድ አድማጭ። ማንበብ የማይችሉ እናት ወይም አባት ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱ ደረጃ 7 ላይ አለ።
- በቀን አንድ ሰዓት፣ ለአንድ ዓመት ያህል።

ደረጃ 1፦ ብቸኝነቱን በትክክለኛ ስሙ ጥሩት

አማርኛ ለዚህ ነገር አንድ ቃል ብቻ የለውም። ከመጀመራችሁ በፊት ገጸ ባሕርያችሁ የያዘው የትኛው እንደሆነ ወስኑ።

ብሕትውና ሰው ፈልጎ የሚገባበት ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ በዓቱን ዘግቶ የሚጸልይ መነኩሴ ለብቻው ነው፤ ብቸኛ ግን አይባልም። ባይተዋርነት ሰው መሃል ተቀምጦ የእነሱ አለመሆን ነው። ናፍቆት አድራሻ አለው፤ የሚናፈቀው ሰው ወይም ቦታ ይታወቃል። ሆድ መባስ ደግሞ ከቅርብ ሰው የሚመጣ ነው፤ የማያውቁት ሰው አያስብስም።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። እያንዳንዱ ስሜት ሰውን ወደተለያየ ድርጊት ይገፋዋል፤ ልብ ወለድ ደግሞ የሚሄደው በድርጊት ነው። ባይተዋሩ ሌሎቹን ለመምሰል ይጣጣራል፤ አነጋገራቸውን፣ አለባበሳቸውን ይኮርጃል። የናፈቀው ይደውላል፣ መንገድ ይጀምራል። ሆድ የባሰው «ምን ሆንክ?» እስኪሉት ድረስ አኩርፎ ይጠብቃል፤ የሚጠይቀው ካጣም ይብስበታል። ባሕታዊው በሩን ይዘጋል። ቃሉን ሳትለዩ ከጀመራችሁ ገጸ ባሕርያችሁ ሁሉንም በየተራ እየሞከረ አንዱንም ሳይጨርስ ይቀራል።

አሁን ደብተሩ ሽፋን ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። እኔ ለዚህ መመሪያ የምጠቀምባትን ምናባዊት ሴት ትርንጎ ብያታለሁ፤ 7 ዓመት ጅዳ ሠርታ ደሴ እናቷ ቤት የተመለሰች ናት። የኔ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ትርንጎ ባይተዋር ናት፤ ምክንያቱም በሌለችበት ቤቱ ያለ እሷ መኖርን ተምሯል።» «ምክንያቱም» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ካቃታችሁ ወደ ደረጃ 2 አትለፉ።

ደረጃ 2፦ ቤቱን ሙሉት

ይህ ከሁሉም ዋናው ነው፤ ብዙ ጊዜ ስጡት።

ወረቀት አውጡና ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በገጸ ባሕርያችሁ በር የሚገቡትን ሰዎች በሰዓታቸው ዘርዝሩ። እሳት ልትጭር የምትመጣው፣ ወንፊት የምትዋሰው፣ የቆጣሪ አንባቢው፣ ለቡና የሚጠሩት። ከ7 ሰው በታች ከሆነ ዝርዝሩ አላለቀም። ከዚያም በየስማቸው አንጻር እያንዳንዱ ገጸ ባሕርያችሁን የማይጠይቃትን አንድ ነገር ጻፉ። ብቸኝነቱ ያለው እዚያ ነው። ትርንጎን ሁሉም ስለ ጅዳ ሙቀት ይጠይቋታል፤ ስለ ዋጋው፣ ስለ ወርቁ ይጠይቋታል። ሌሊት ለምን እንደምትነሣ የሚጠይቃት የለም።

ለምን? እኛ ዘንድ ባዶ ቤት አይታመንም። ቡና በተፈላ ቁጥር ጥሪው በብዙ ቁጥር ነው፤ «ቡና ጠጡ!» ይባላል እንጂ «ጠጣ» አይባልም። እንዲህ ባለ ሰፈር አንድ ሰው ለቀናት ዘግቶ ቢቀመጥ በሩ ይንኳኳል። የኛ አንባቢ ይህን ስለሚያውቅ ባዶውን ክፍል ሲያነብ የሚመጣበት ኀዘን ሳይሆን እኚያ እናት ያነሱት ጥያቄ ነው። ሰው ሞልቶ ሳለ የቀረውን ክፍተት ስታሳዩት ግን ክርክር የለውም፤ ራሱም ተቀምጦበት ያውቃልና።

በቡና እንሞክረው። አቦሉ ሲቀዳ ሲኒው ቀድሞ የሚሰጠው ለእንግዳና ለታላቅ ነው። የቤቱ ልጅ ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ትቀዳለች፤ የምትጠጣው መጨረሻ ነው። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ጸሐፊ ስለ ኀዘን አንድም ቃል ሳይጠቀም መጻፍ ይችላል። መጀመሪያ የማይሠራውን ተመልከቱ፦

«ትርንጎ ከባድ ብቸኝነት ተሰማት። ልቧ በጨለማ ተዋጠ። ከቤተሰቧ መካከል ሆና እንኳ እንግዳ እንደሆነች አወቀች።»

አሁን ደግሞ ይህን፦

«እናቷ ጀበናውን አነሡ። የመጀመሪያውን ሲኒ ሞልተው፣ ጠርዙን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፣ ለትርንጎ ዘረጉላት። ትርንጎ ዙሪያዋን አየች። እትዬ ሎሚ አሉ፤ በዕድሜ እናቷን ይበልጣሉ። ሸህ ዓሊም አሉ። ሁሉም እሷ እስክትቀበል ይጠብቃሉ። ከመሄዷ በፊት በዚህ ቤት አቦል ቀምሳ አታውቅም ነበር፤ የሷ በረካ ነበረች።»

ሁለተኛው የሚሠራው የእናትየው ክፋት ስለሌለበት ነው። አክብረዋታል። መከበሯ ነው ከቤት ልጅነት ያወጣት። እንዲህ ያለውን ሥፍራ ፈልጉ፦ ማንም ያላጠፋበት፣ ግን አንድ ሰው የጎደለበት።

ቡና ብቻ አይደለም። ገጸ ባሕርያችሁ ቅሬ ውስጥ ምን ቦታ አላት? ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ ሲሞቱ የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ኀዘንተኛውን የሚያስቀምጠው እሱ ነው። አባል ናት? ከእናቷ ስም ሥር ናት? መዋጮ ስታቋርጥ ስሟ ተሰርዟል? ለቀብር ስትመጣ ከየትኞቹ ሴቶች ጋር ነው የምትሄደው? ከቅሬ የወጣ ሰው «ብሞት ማን ያነሣኛል?» ብሎ ያስባል፤ ይህን አንድ ሐሳብ ከያዛችሁ «የማንነት ቀውስ» የሚል ሐረግ ሳታነሱ ልብ ወለዱን እስከ መጨረሻው ትነዱበታላችሁ።

ታሪካችሁ በኮምቦልቻ ከሆነም ያው ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ልጆች በጋራ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ሁለት ልጆች በተለያየ ፈረቃ እየሠሩ አንድ ፍራሽ ቢጋሩ አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ትገባለች፤ የሚተዋወቁት ፍራሹ ላይ በቀረው ሙቀት ነው። ከዚህ ተነሥታችሁ አንድ ምዕራፍ ጻፉ፤ የሚያልቅ አይመስለኝም።

ደረጃ 3፦ ማን ምን ብሎ እንደሚጠራት መዝግቡ

ማንነትን በሐሳብ አትጻፉት፤ በስም ጻፉት። ሰንጠረዥ ሠርታችሁ በአንድ በኩል የሚጠራትን ሰው፣ በሌላው የሚጠራበትን ስም፣ በሦስተኛው ደግሞ ስሙን ስትሰማ የምታደርገውን አስፍሩ። የትርንጎ ይኸውላችሁ።

እናቷ «ትርንጌ» ይሏታል። የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው፤ የሚያውቁት እናቷና የነፍስ አባቷ ብቻ ናቸው። ፓስፖርቷ ላይ ዘሀራ ተብላለች፤ የአባቷም ስም አብሮ ተቀይሯል፣ ዕድሜዋ 3 ዓመት ጨምሯል። አሠሪዋ «ዛራ» ይሏት ነበር። የሰፈሩ ልጆች «የጅዳዋ» ይሏታል። ስትተኛ ቢጠሯት ፈጥና የምትነሣው በየትኛው ነው? እኔ «ዛራ» ላይ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ 7 ዓመት በሌሊት ያስነሣት እሱ ነውና። በዚህ ውሳኔ ብቻ ሁለት ትዕይንት አገኘሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስማችን አባታችን ነው፣ ሦስተኛው አያታችን። ወረቀት ላይ የአባት ስም ሲቀየር የተቀየረው ፊደል ሳይሆን ዘር ነው። በወሎ ደግሞ የአባት ስም ከእስልምና፣ የአያት ስም ከክርስትና የሆነ ሰው ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል። እባካችሁ ይህን እንደ ግጭት መነሻ አትጎትቱት። ለብዙ ቤተሰብ ይህ የተኖረበት፣ የተለመደ ነገር ነው። ትርንጎን የከበዳት ዘሀራ መባሏ አይደለም፤ ዘሀራ የምትባል አክስትም አላት። የከበዳት ዘሀራ ሆና ያሳለፈችውን 7 ዓመት የምትነግርበት ስም ማጣቷ ነው።

ከስም ቀጥሎ ሰዓትን ተመልከቱ። ጅዳና ደሴ በአንድ የሰዓት ክልል ናቸው፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያል። እዚያ 8 የተባለው ጠዋት እዚህ 2 ሰዓት ነው። ከተመለሰች በኋላ ታናሽ ወንድሟን «በ8 ሰዓት እንውጣ» ብትለው እሷ በጠዋት ለብሳ ደጃፍ ላይ ትቆማለች፤ እሱ ከምሳ በኋላ ይመጣል። 6 ሰዓት ሙሉ ለምን አልደወለችለትም? ለዚህ ጥያቄ የምትሰጡት መልስ ማንነቷ ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ መንገድ ምረጡና እየሄዳችሁ ለኩት

ከተማውን በሙሉ ለመጻፍ አትሞክሩ። ገጸ ባሕርያችሁ ደጋግማ የምትሄድበትን አንድ መንገድ ምረጡ፤ ራሳችሁ ቢያንስ 3 ጊዜ ሂዱበት፤ ጠዋት፣ ማታ፣ በክረምት።

ለምሳሌ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወረድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይባላል፤ ደሴ ላይ የለበሱት ጋቢ ኮምቦልቻ ላይ ይሞቃል። በክረምት ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲወርድ ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ ሹፌሩ እስኪያልፈው። ትርንጎ ከማያውቋት ሰዎች ጋር የምትቀራረበው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው፤ ሁሉም እኩል ፈርቷልና። ወይም ባቲን ውሰዱ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰኞ ገበያው ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ማንም የማንንም ቋንቋ ሙሉ ባያውቅ እንኳ ይገበያያል። ቋንቋዬ ጠፋብኝ የምትል ሴት እዚያ ብትቆም ምን ታያለች?

መንገዱን መለካት ያስፈለገው ርቀት ለብቸኝነት መለኪያ ስለሆነ ነው። «ሩቅ» የሚለው ቃል አይሠራም። «እናቷ ቤት ከመናኸሪያው 15 ደቂቃ ነው፤ 2 ሰዓት ፈጀባት» የሚለው ይሠራል።

ደረጃ 5፦ መቀራረቡን በትንሽ ነገር አምጡት

እስካሁን ያራቃችሁትን ሰው አሁን ማቅረብ አለባችሁ። እዚህ አማርኛ ሌላ ቋንቋ ሁሉ የሌለውን መሣሪያ ይሰጣችኋል፦ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ። በየግሱ ውስጥ የሁለት ሰዎች ርቀት ተቀምጧል። ስለዚህ በመጀመሪያው ምዕራፍ እያንዳንዱ ሰው ገጸ ባሕርያችሁን በምን እንደሚጠራት ወስኑ፤ የሚለወጥበትንም ገጽ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉ። አንዴ ብቻ ይለወጥ።

የትርንጎ ወንድም እሷ በሌለችበት አግብቷል። ሚስቱ «እትዬ» እያለች በ«አንቱ» ታናግራታለች፤ «ይቀመጡ»፣ «ይብሉ»። ለ200 ገጽ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ትርንጎ ምጣድ ላይ እጇን ስትቃጠል ልጅቱ ደንግጣ «አንቺ! ምን ሆነሽ ነው?» ትላለች። ከአፏ እንደወጣ አፏን በእጇ ትይዛለች። ትርንጎ ግን ትስቃለች፤ እጇ እየነደደ ትስቃለች። ደራሲው እዚህ ምንም አያብራራ። አንባቢው በየግሱ ላይ 200 ገጽ ሲጠብቅ ቆይቷል።

ለእናቷ ደግሞ ወደ ቡናው ተመለስኩ። በመጨረሻው ሩብ ላይ እናትየው ሲኒውን ደርድረው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ቀና ሳይሉ «ተነሺና ቅጂ እንጂ!» ይላሉ። ትርንጎ ትነሣለች። መታዘዝ ማለት የቤት ልጅ መሆን ነው። በደረጃ 2 አክብሮት ያወጣትን በትእዛዝ መለስኳት።

ትልቅ ነገር ለምን አይሆንም? እቅፍ፣ ለቅሶ፣ ረጅም ንግግር አንባቢውን ምስክር ያደርገዋል፤ ትንሹ ነገር ግን ራሱ እንዲያገኘው ይተውለታል። ራሱ ያገኘውን አይረሳም።

ደረጃ 6፦ ታሪኩን በአንድ ዓመት ላይ አስፍሩ

ቀን መቁጠሪያውን አውጡና ምዕራፎቹን በወራት ላይ አስቀምጡ። ቢያንስ አንድ የክርስቲያንና አንድ የሙስሊም በዓል፣ አንድ ቀብር፣ አንድ ጾም ይግባበት። ሰው የሚጎድለው በበዓል ቀን ነው የሚታወቀው፤ ሙክቱ ሲታረድ የማን እጅ እንደጎደለ፣ ለአረፋ ከጎረቤት የመጣውን ሳህን ማን እንደሚመልስ። ደግሞም ወር ከሌለ ታሪኩ አይንቀሳቀስም፤ «ከጥቂት ጊዜ በኋላ» እያላችሁ ትንገላታላችሁ።

ከዚህ በኋላ በቀን አንድ ገጽ። አንድ ገጽ ከሞላ፣ ሐሳቡ ባያልቅም፣ አቁሙና ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ግማሹን ጽፋችሁ ተዉት። በነገታው ባዶ ወረቀት አይጠብቃችሁም። የትናንቱን ለማረም ወደ ኋላ አትመለሱ፤ 20 ገጽ ላይ ከሚቆሙት መካከል ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ምዕራፍ 9 ጊዜ የጻፉ ናቸው።

ደረጃ 7፦ ለሚያዳምጥ ሰው አንብቡት

3 ምዕራፍ ሲሞላ አድማጫችሁ ዘንድ ሂዱ። ስልክ ላይ አትላኩ፤ ተቀምጣችሁ አንብቡ። ማንበብ የማይችሉ ሰው የመረጥኩት ሥነ ጽሑፋዊ ቃል ስለማያስደንቃቸውና ሰዎቹን ብቻ ስለሚሰሙ ነው። የሚሰሙት ደግሞ በጆሮ ነው፤ ዓረፍተ ነገራችሁ ከተንዛዛ ፊታቸው ይነግራችኋል።

ስታነቡ በእርሳስ 3 ነገር ብቻ ምልክት አድርጉ፦ ትንፋሽ ያጠራችሁበትን፣ ሲኒ ለማንሣት የዞሩበትን፣ «ኧረ!» ያሉበትን። የመጀመሪያውን አሳጥሩት። ሁለተኛውን ሰርዙት። ሦስተኛውን አትንኩት። አስተያየት ከሰጧችሁ አትከራከሩ፤ «ምን ለማለት ፈልጌ ነው መሰለዎት» ብላችሁ ከጀመራችሁ ገጹ ያልቻለውን በአፋችሁ እየሠራችሁለት ነው፤ መጽሐፉ ሲታተም ግን አብራችሁት አትሄዱም።

ጥንቃቄዎች

የሰውን ታሪክ በቀጥታ አትውሰዱ። ደሴ ሰፊ ብትሆንም ሰው በሰው ይታወቃል። ስም ብትቀይሩ እንኳ ሰፈሩ፣ ሥራዋና የልጆቿ ቁጥር ከተያዘ ሴትየዋ ማን እንደሆነች በአንድ ሳምንት ይታወቃል። ከዐረብ አገር የተመለሰች፣ ወይም በ2014 ጦርነት ቤቷን ጥላ ወጥታ የተመለሰች ሴት የነገረችህን ለመጻፍ ከፈለግህ ጠይቃት፤ እምቢ ካለች ተወው። እሺ ካለችም ቢያንስ 3 ነገር ለውጥ፦ የሄደችበትን አገር፣ ሥራዋን፣ የቤተሰቧን አወቃቀር። ይህን «አንተ» ብዬ የጻፍኩት እያንዳንዳችሁ ለየብቻችሁ እንድትሰሙት ነው።

የራሳችሁን ቁስል የምትጽፉ ከሆነም ተጠንቀቁ። እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ከሰው መሸሽ ከጀመራችሁ ደብተሩን ዝጉ። ሰው ዘንድ ሂዱ፤ ካልቀለለም ጤና ተቋም ሂዱ። ልብ ወለዱ ይጠብቃል።

ድምፅ መቅረጽ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ስልክም ደብተርም አታውጡ፤ የሰማችሁትን ቤታችሁ ገብታችሁ ጻፉ። የረሳችሁት ካለ ለመጽሐፉ አያስፈልግም ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

ዝናብና ጉም በገጸ ባሕርይዋ ፋንታ ሲያለቅሱ አያለሁ። የደሴ ክረምት ረጅም ነው፤ ሁሉም ሰው ላይ ነው የሚዘንበው። ሲዘንብ ምን እንደምታደርግ ጻፉ፦ ልብስ ትሰበስባለች? የማንን?

ሽማግሌ በተናገረ ቁጥር ምሳሌያዊ አነጋገር ማውጣት ሌላው ነው። በእውነት ሽማግሌዎች የሚያወሩት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ወገባቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ነው። በሙሉ መጽሐፉ 2 ተረትና ምሳሌ ይበቃል። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለውን ደግሞ በምንም ምክንያት በመጨረሻው ገጽ አታስገቡ፤ 300 ገጽ ሊያሳይ የሞከረውን በአንድ መሥመር ያሳንሰዋል።

የወሎን አነጋገር ማብዛት። «አብሽር»፣ «አፊያ»፣ «ወላሂ» በየመሥመሩ ከተረጨ ሰዎቹ መድረክ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ቃሉ የሚመጣው ሲደነግጡ፣ ሲያባብሉ፣ ሲምሉ ነው፤ በሁለተኛው ደብተራችሁ ያለው ማስታወሻ ትክክለኛውን ቦታ ያሳያችኋል።

ወሎን በሁለት ነገር ብቻ መሳል፦ በ1966ና በ1977 ረሃብ፣ ወይም በቆንጆ ሴቶችና በዘፈን። አንባቢው ሁለቱንም ደጋግሞ ሰምቷል። ትርንጎ ቤት ውስጥ የመብራት ቆጣሪ አለ፣ የወንድሟ ያላለቀ ብድር አለ፣ ሌሊት በኢሞ የሚመጣ ድምፅ አለ፤ ከነዚህ ጀምሩ።

ሰርግ እንደ መፍትሔ። ያገባ ሰው ብቸኛ እንደማይሆን የሚያምን አንባቢ የለም።

ፊደል መቀላቀል። «ሰዓት» እና «ሰአት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በአንድ ረቂቅ ውስጥ ሲኖሩ ኮምፒውተሩ የተለያየ ቃል አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው፤ አንዱን ፈልጋችሁ ስታርሙ ሌላው ይቀራል። የ30 ቃላት ዝርዝር ሠርታችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩበት። የገጸ ባሕርያት ስም ቀዳሚ ይሁን።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ

አስሩና ለ2 ወር አስቀምጡት። ስታወጡት ከመጀመሪያው ገጽ አትጀምሩ፤ የደረጃ 2ን የቡና ትዕይንትና የደረጃ 5ን ጎን ለጎን አንብቧቸው። በሁለቱ መካከል በሲኒው ቅደም ተከተል፣ በአጠራሩ ወይም በተቀመጠችበት ቦታ አንድ ነገር እንኳ ካልተለወጠ ወደ መሃሉ ተመለሱ፤ ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

ከተለወጠ ወደ አድማጫችሁ ውሰዱትና በጥቂት ቀናት ውስጥ አንብባችሁ ጨርሱ። ከዚያ ሳምንት ያህል ቆዩ። መንገድ ላይ ሲያገኙዋችሁ ስለ መጽሐፉ ከጠየቋችሁ ገና ይቀረዋል። «ያቺ ልጅ እጇ ዳነላት?» ካሏችሁ ግን ለማተሚያ ቤት ማዘጋጀት ጀምሩ።